የባለባርኔጣው አፍ

ሽሬ ዒልሚ በየቀኑ የሲኒማ ቤቱን የብረት በር ከከፈተ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ትኬት ከመቅደዱ በፊት፣ ሁለት ጣቱን ጉሮሮው ላይ ያሳርፍና ቀስ ብሎ ይጠርጋል። ረጅም ነገር ሊናገር የተዘጋጀ ሰው አጠራረግ ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ሰልፉ ላይ ካለ፣ ሰውዬው ምን ሊል ነው ብሎ ቀና ይላል። ሽሬ ግን ምንም አይልም። እጁን ይዘረጋል፣ ትኬቱን ለሁለት ይቀድዳል፣ ግማሹን ይመልሳል፣ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል።

የድሬ ልጆች ለምደውታል። «አዴር ሽሬ ሞተር አስነሣ፤ ግን አይነዳም» ይባባላሉ። አዴር በሱማልኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ሱማሌ የሆነውም ያልሆነውም እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

ይህ ጉሮሮ መጥረግ ከቀድሞ ሥራው የተረፈው ነገር ነው። በንጉሡ ጊዜ ሲኒማ ቤቱ የአንድ ግሪክ ነበር። ፊልሞቹ ከጅቡቲ በባቡር ስለሚመጡ፣ አሜሪካኖቹ ሳይቀሩ በፈረንሳይኛ ነበር የሚያወሩት። ድሬ ዳዋ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ በሦስት ቋንቋ የሚጫወት ከተማ ነው፤ ፈረንሳይኛ ግን የባቡር ሰዎች ሀብት ነበር። ሽሬ በጎረምሳነቱ የዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆኖ ሲሠራ ፈረንሳይኛን ከአለቆቹ ስድብ ተማረ። ስድቡን የለየ ሰው ሌላው አያቅተውም። ግሪኩ ይህን ሰምቶ አስጠራውና ከሸራው ሥር፣ ከመድረኩ ጥግ አቆመው። «የሚሉትን ንገራቸው» አለው።

ነገራቸው። ፊቱን ወደ ሰዉ፣ ጀርባውን ወደ ፊልሙ አድርጎ ይቆማል። ከኋላው የሚመጣውን በጆሮው እየተቀበለ በአፉ ያወጣዋል፤ ፍቅሩን በአማርኛ፣ ልመናውን በኦሮምኛ፣ ስድቡን በሱማልኛ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሲሠራ አንድም ፊልም በቅጡ አይቶ አያውቅም። ያየው የሚያዩትን ሰዎች ነው። የሸራው ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲበራና ሲጠፋ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳፈረ፣ ማን በጨለማ የሚስቱን እጅ እንደፈለገ ያያል። አንድ ፊልም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብትሉት የሚነግራችሁ ከእነዚያ ፊቶች ያነበበውን ነበር።

ከፊልሞቹ ሁሉ ከተማው አንዱን ለራሱ ወሰደው። እውነተኛ ስሙን የጠየቀ የለም፤ «ባለባርኔጣው» ነበር የሚባለው። ጥቁርና ነጭ ነው። ሌሊቱ የማይነጋበት፣ ዝናቡ የማያባራበት ከተማ አለ። ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋ፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው መጠጥ በድብቅ እያስገባ ይሸጣል፤ ፖሊስ ያሳድደዋል፤ በመጨረሻ አንድ መጋዘን ደረጃ ላይ፣ በዝናብ፣ ይገድሉታል። ፊልሙ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ሽሬ ሰውዬውን «ወንበዴ» አለው። ፊቶቹ ቀዘቀዙበት፤ ወንበዴ ከሞተ ይሙት እንጂ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ፊት ነበር። በማግሥቱ «ነጋዴ ነው፣ ኮንትሮባንድ ነው የሚሠራው» አለ፤ ፖሊሶቹንም «ፊናንሶች» አላቸው፤ የጉምሩክ ዘበኞች ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ከጅቡቲ በግመልና በባቡር ጨርቅና ሽቶ የሚያስገባ ዘመድ ያልነበረው፣ ፊናንስ ዕቃውን ያልወረሰበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። አዳራሹ እንዳለ ከወንበሩ ወደ ፊት ተሳበ።

የመጨረሻው ቃልም የሽሬ ነበር። ሰውዬው ደረጃው ላይ ወድቆ፣ ዝናቡ ፊቱን እየመታው፣ በፈረንሳይኛ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «በረደኝ» ይላል። ሽሬ ይህን ሰምቶ አዳራሹን አየ። ግንቦት ነው። ወንዶቹ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ እምብርታቸው ፈተዋል፤ ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ ያራግባሉ። ለእነዚህ ሰዎች በረደኝ ብሎ የሚሞት ሰው እንዴት ይነገራል? ዝም ማለትም አይቻልም። አፉን ሲከፍት «እናቴ ሳትሰማ ቅበሩኝ» የሚል ወጣለት።

ሴቶቹ የሚቀመጡት ሰገነቱ ላይ ነበር። ልቅሶው ከዚያ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለባርኔጣው በታየ ቁጥር ሴቶቹ መሐረብ ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹም ወደ ብርሃን ሲወጡ እንባቸውን ለመደበቅ ያስላሉ። የሽሬ ሚስት ቀመሪያ የሰገነቱ የፊት ወንበር ነበረቻት። ቤት ሲገባ ራቱን እያቀረበች፣ ዓይኗ ገና ቀልቶ፣ «ዛሬም ገደልከው አይደል?» ትለው ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ግሪኩ አገሩ ገባ፤ ሲኒማ ቤቱ የመንግሥት ሆነ። ከሞስኮ የሚመጣውን ፊልም አንድ ካድሬ ከወረቀት እያነበበ ያስረዳል። የሕንዱን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ወጣቱ ዘፈኑን ከነማቃሰቱ በቃሉ ይዞታል። ሽሬን በሩ ላይ አቆሙት።

ቀመሪያም በሱማሌ ጦርነት ዋዜማ ልጃቸውን ይዛ ለወንድሟ ሠርግ ጅቡቲ እንደሄደች ሐዲዱ ተቆረጠ። በጦርነቱ የፈረሰው ድልድይ ተጠግኖ ባቡሩ ሲጀምር እሷ እዚያ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ነበር። በባቡር ሠራተኛ እጅ ሸሚዝ ትልክለታለች፤ «ና» ትለዋለች። አልሄደም። ፍቅር አጥቶ አልነበረም። ጅቡቲ ሁሉም ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ ሽሬ እዚያ ለማን ምን ሊያስተረጉም ነው? በወንድሟ ግቢ የአማች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ነው። ድሬ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠሩኝ ይሆናል ይላል። በዚህ «ይሆናል» ላይ ዓመታት አለፉ። መጋላ ሰፈር ያለችው አንድ ክፍል ቤቱ ውስጥ ከሬዲዮው በቀር የሚናገር አልነበረም፤ እሱም የሚናገረው ስለ እህል ምርት ነው። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከጠዋት ጀምሮ የተናገረውን ያስባል፤ «ሰላም»ና «ወደ ውስጥ» ሆኖ ያገኘዋል።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የሕንዱ ፊልም ሳይመጣ ቀረ። ጎርፍ ሐዲዱን አጥቦት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር መንገድ ላይ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ገብረ መድኅን ከሸዋ የተመደበ፣ ገና የድሬን ሙቀት ያልለመደ፣ ቀና ወጣት ነው። መሐረቡን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በሩ ድረስ መጣ። ፊልም የሚያዞረው ወልደጻድቅ እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ተከትሎታል።

«አቶ ሽሬ፣ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ፊልም አለ አለኝ ወልደጻድቅ።»

«አለ።»

«ስለምንድን ነው?»

ሽሬ ትንሽ አሰበና «ስለ ኮንትሮባንድ» አለ።

ገብረ መድኅን ግንባሩን ጠረገ። «ይፈቀዳል እንዴ?»

«መጨረሻው ላይ ይሞታል» አለ ወልደጻድቅ።

«እንግዲያው ይፈቀዳል።»

«ግን ያለ እሱ አይሆንም» አለ ወልደጻድቅ፣ በአገጩ ወደ ሽሬ እያመለከተ። «ፈረንሳይኛ ነው። የሰውዬው አፍ እሱ ነው።»

ገብረ መድኅን ሽሬን አዲስ ሰው እንደሚያይ አየው። በሩ ላይ ቆሞ ትኬት ሲቀድድ እንጂ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። «እንዲህ እናድርግ» አለ። «አዲስ አበባ ስለ እርስዎ ጡረታ ጠይቀውኛል፤ መልስ አልሰጠሁም። ወጣቱ ዛሬ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ፣ አስተርጓሚ ያስፈልገናል ብዬ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የእርስዎ ይሆናል። ጥሎ ከወጣ ግን ሌላ የምለው አይኖረኝም።»

«እሺ» አለ ሽሬ። «አንተ ብቻ በሩን ያዝልኝ።»

ገብረ መድኅን አንተ መባሉን ገና አልለመደም ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።

ወልደጻድቅ ወደ ማዞሪያው ክፍል ከመውጣቱ በፊት ሳቅ እያለ «ትዝ ይልሃል ወይስ ከመጀመሪያው ላስጠናህ?» አለው።

«አንተ ፊልሙን አትቁረጥብኝ እንጂ።»

«ፊልሙ ካልቆረጠን!»

የሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሰዉ ቤቱ እንዲገባ ፊልም የሚጀመረው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ሽሬ ቀመሪያ የላከችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የድሮ ቦታው ላይ ቆመ። መብራቱ ጠፋ፣ ከጀርባው ሙዚቃው ተነሣ፣ ብርሃኑም ፊቶቹ ላይ ወደቀ።

ፊቶቹን አላወቃቸውም። ልጃገረዶቹ ሰገነቱን ትተው ታች ከወንዶቹ ጎን ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ ጫታቸውን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው እግራቸውን የፊቱ ወንበር ላይ ሰቅለዋል። ሰገነቱ ጨለማ ነው፤ ሰው ይኑር አይኑር አይለይም። ሽሬ ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ሻከር አለ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘ። ዝናቡን ነገራቸው፣ ሌሊቱን ነገራቸው፣ ባለባርኔጣውን አስገባ።

ሳቅ ሰማ። አንድ ሰው ብቻ መስሎት ቀጠለ። ግን አንድ ሰው አልነበረም።

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ፊልሙ ውስጥ ሁሉም በየክፍሉ ሲጋራ እያጨሱ ነበርና።

«አዴር» አለ ከመሐል ጋሪ ነጂው ሙመድ፣ «ይሄ ሰውዬ ካፖርቱን አያወልቅም?»

በድሮ ጊዜ ከአዳራሹ ለሽሬ የሚናገር አልነበረም። ጥያቄውን አልፎት «ነጋዴ ነው፣ ኮንትሮባንድ ነው የሚሠራው» አለ። ያቺ ድሮ አዳራሹን የገዛች ቃል ነበረች።

«ምን ያህል ሽቶ አለው? ዋጋውን ጠይቅልኝ!»

«ጫማ የለውም ወይ፣ አርባ ሁለት ቁጥር?»

ልጃገረዶቹ አፋቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። ሽሬ ዓይኑን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያዞራል፤ የሚያነበው ነገር ያጣል። ክፋት አላየባቸውም። ደስ ብሏቸዋል። እንዲህ ደስ የሚያሰኛቸው ግን እሱ የማያውቀው ሌላ ፊልም ነበር።

ተኩሱ መጣ። በድሮ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ወንዶቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር፤ አንድ ነጋዴ ከወንበር ሥር ገብቶ እጁን ይዘው ጎትተው አውጥተውታል። አሁን ከፊተኛው ረድፍ አንዱ ጎረምሳ ቀስ ብሎ «ሽምብራ እየቆሉ ነው» አለ።

«እውነት ተኩስ እንዲህ ነው?» አለች ጎኑ ያለችው።

«ፊልሙን የሠሩት እኛን ይጠይቁና!» አለ።

እዚህ ላይ አዳራሹ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ሽሬ ያን ዝምታ አየው። እነዚህ ልጆች አልጋ ሥር ተኝተው የታንክ ድምፅ ሲቆጥሩ ያደጉ ናቸው። ከጦርነቱ ቀድሞም ተከትሎም በሌሊት ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይሰማ የነበረውን የግድያ ተኩስ፣ በማግሥቱም ልጇ የተገደለባት እናት ጥቁር መልበስ፣ ልቅሶ መቀመጥ የማይፈቀድላትን ጊዜ ያውቃሉ። የባለባርኔጣው ሽጉጥ እነሱን ሊያስፈራ የተሠራ አልነበረም። ወዲያው አንዱ እንደገና «ሽምብራ» አለ፤ ሁሉም ከዚያ ዝምታ ለመውጣት የቸኮሉ ይመስል ሳቁ።

ከዚያ ፊልሙ ረጋ ይላል። ባለባርኔጣውና አንዲት ሴት በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ብዙ ያወራሉ። ሽሬ የሚወደው ቦታ ነበር፤ ጥሩ አማርኛ የሚያወጣበት። መሐል ላይ ሲደርስ ወንበር ሲንኳኳ ሰማ። ሁለት ልጆች ተነሡ። ቀጥሎ ከጥግ ሦስት። ገብረ መድኅን በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ የሚወጡትን አላስቆመም፣ ሽሬንም አላየም፣ መሬት መሬት ያያል። እንደገና ወንበር ተንኳኳ። ሽሬ የጡረታው ወረቀት ላይ ስሙ ሲጻፍ፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ሲጠፋ፣ የቤቱ ሬዲዮ ስለ እህል ምርት ሲያወራ አሁኑኑ የሚሰማው መሰለው።

ደረጃው ደረሰ። ዝናቡ ደረሰ። ፊናንሶቹ ተኮሱ፤ ሰውዬው ወደቀ። ሽሬ «እናቴ ሳትሰማ» የሚለውን አፉ ውስጥ ይዞታል። ያን ያህል ዓመት ሳይነገር ተቀምጦ አልደረቀም፤ ትኩስ ነው። አዳራሹን አየ። ግማሹ ቆሟል። ሙመድ ራሱ ሸሚዙን እያራገፈ ሊነሣ ነው። ከጀርባው ሰውዬው ያቺን አንድ ቃሉን ተናገረ።

«በረደኝ ይላል» አለ ሽሬ።

ሊነሣ የነበረው ሙመድ ቀና ብሎ አየው።

«ከነካፖርቱ።»

አዳራሹ ፈነዳ። የቆሙት ተቀመጡ፤ ወጥተው የነበሩትም ምን ተፈጠረ ብለው ተመለሱ። «ድሬ አምጡት!» አለ አንዱ። «መጋላ ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ይዋል!» አለ ሌላው። ሙመድ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ «ወላሂ፣ አዴር፣ ገደልከኝ» ይላል። መብራቱ ሲበራ ማንም አልወጣም ነበር፤ እያጨበጨቡ ነበር፤ የሚያጨበጭቡትም ለእሱ ነበር።

ገብረ መድኅን ወንበሮቹን እያለፈ መጣና ሁለት እጁን ያዘው። «አቶ ሽሬ፣ ለምን አስቂኝ መሆኑን አልነገሩኝም?»

«አላወቅኩም ነበር» አለ ሽሬ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሽሬ ሆነ። ገብረ መድኅን ቃሉን ጠበቀ፤ አዲስ አበባም የጡረታውን ነገር አላነሣም። ከመልካ ጀብዱ መንደር ሳይቀር ሰዉ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ሽሬ ሌሎች የድሮ ፊልሞችንም ከዕቃ ቤት ፈልጎ አወጣ፤ ሁሉንም እንዲሁ ነገራቸው። መንገድ ላይ በቀትር በረዶ ውኃ የሚገዙ ልጆች ሲያዩት እየተንቀጠቀጡ «በረደኝ» ይሉታል፤ እሱም ይስቅላቸዋል። ቅዳሜ ማታ ጉሮሮው ተልጦ ቤቱ ይገባል፤ ሬዲዮውን አይከፍትም። «ቦታዬን አገኘሁ» ብሎ ጅቡቲ ላከ። የቀመሪያ መልስ በባቡር ሠራተኛው አፍ መጣ፦ «ደስ ብሎኛል። አሁንም ታስለቅሳቸዋለህ?» ሠራተኛው የሚወስደው መልስ እስኪሰጠው ትንሽ ጠበቀ። ሽሬ ሻይ ጋበዘው።

በዓመቱ መጨረሻ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተመረጠ። መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ከፎቶግራፉ ሥር የሕይወት ታሪኩ እንዲለጠፍ ተወሰነ፤ እንድትጽፍ የታዘዘችው የባህል ቢሮ ጸሐፊዋ ሙሉነሽ ነበረች። ሽሬ በሩ ጥላ ሥር ወንበር አውጥቶላት ሁሉንም ነገራት፦ ፍሬን ያዥነቱን፣ ግሪኩን፣ ቀመሪያን፣ ፊናንሶቹን፣ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ። ስትጨርስ አንብባ አሰማችው። ወደደው። ልትነሣ ስትል ግን እጁን አንሥቶ አስቆማት። «አንድ ነገር አለ» አላት፤ «እሱን ግን አትጻፊው። ለሰሌዳ አይሆንም።»

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ነበረች። ወጣቶቹ እየተንጫጩ ወጥተው ካለቁ በኋላ ሽሬ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ ከሰገነቱ ደረጃ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ብቻዋን ወረደች። እዚያ ሰው መኖሩን አላወቀም ነበር። መሐረብ በእጇ ይዛለች፤ እንዳጣጠፈችው ነው። ፊቱ ስትደርስ ቆመች።

«ሽሬ፣ መጨረሻውን ለምን ለወጥከው?»

«አልለወጥኩም እናቴ። ሰውዬው የሚለው እሱን ነው፤ በረደኝ ነው የሚለው።»

ሴትዮዋ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች፤ የሚሰማ አልነበረም። ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች።

«እኔ የመጣሁት ለልጄ ላለቅስ ነበር» አለችው። «ቤት አይቻልም።»